ፈረስ አጎቴ ነው

ነገሩ የጀመረው በእባብ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አምባ ጊዮርጊስ አጎቴ ቤት ምድጃ ዳር ተቀምጠን የገብስ ቆሎ ስንቆረጥም፣ አሜሪካን አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ በስልኬ አንድ ፎቶግራፍ ላከ። ልጁ ከሰኞ እስከ ዓርብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን ይሰነብትና፣ ቅዳሜና እሑድ የቤት እንስሳት የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ይሠራል። የቤት እንስሳ ሲለን ውሻና ድመት መስሎን ነበር። ፎቶግራፉ ላይ ግን ክንዱን ሁለት ዙር ተጠምጥሞ የሚታየው፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የቀላ፣ መሐል መሐሉ ላይ ነጭ ጣል ጣል ያለበት፣ ዓይኑ ደም የመሰለ እባብ ነው።

የአጎቴ ባለቤት ሦስት ጊዜ አማተቡ። «ልጄን! በሰው አገር ምን አስነኩብኝ!» ብለው ከምድጃው ተነሡ። እኔም ብሆን ስልኩን ከእጄ ልጥለው ምንም አልቀረኝም። አጎቴ ግን መነጽራቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው፣ ስልኩን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ሄዱና ብዙ ጊዜ ወስደው ተመለከቱት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤

«እስቲ ጠይቂው፤ እናቱና አባቱ ምን መልክ ናቸው?»

ሰው ልጁ ላይ እባብ ተጠምጥሞ አይቶ የሚጠይቀው ይህንን ነው? ለአጎቴ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ የለም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባዝራና ከስናር አህያ ጋር የኖሩ፣ በቅሎ ማስወለድ ሥራዬ ብለው የያዙ ሰው ናቸው። ሙሽራ ቢያሳዩአቸው እንኳ መጀመሪያ የሚመለከቱት አረማመዷን ነው እየተባለ ይታማሉ።

ጥያቄውን ጻፍኩለት። መልሱ ወዲያው መጣ። እናትም አባትም እንደ ማንኛውም የዱር እባብ ናቸው፤ ቀላ ብለው በየነጠብጣባቸው ዙሪያ ጥቁር ጠርዝ አላቸው። ልጅየው ግን ጥቁሩን አጥቶ ተወለደ። ወላጆቹ ሳይታይባቸው ያንን ማጣት ደብቀው ይዘውት ኖረዋል።

አጎቴ ከት ብለው ሳቁ። «ይቺማ የእኛዋ ዳማ ናት!» አሉ።

የእኛዋ ዳማ ማለታቸው እኔን ነው።

ይህን ለማስረዳት አንባቢዬን ትንሽ ወደ ኋላ መመለሴ የግድ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከኮሶዬ አለፍ ብላ የምትገኝ የወገራ ከተማ ናት። ከጎንደር ብትርቅ አርባ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በብርዱ ከሆነ ግን ሌላ አገር ናት። ገብስና ባቄላ፣ ባሕር ዛፍና ነፋስ አይታጣባትም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው ይህንኑ የወገራን ሜዳ አቋርጦ ነው። ሜዳው ለፈረስ የተፈጠረ ነው። በቅሎ ግን ከደጋ ብቻ አትገኝም። እናቷ ደገኛ፣ አባቷ ቆለኛ ነው።

አባትየው ስናር ይባላል። ከመተማና ከቋራ ወገን የሚመጣ፣ ቁመቱ ከተራው አህያ የሚበልጥ፣ ጆሮው የረዘመ አህያ ነው። ስሙ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ካለችው፣ ያኔ የፉንጅ መንግሥት መናገሻ ከነበረችው ከስናር የተገኘ ነው። ዳግማዊ ኢያሱ በ1744 እ.ኤ.አ. ስናርን ሊወጉ ዘምተው ድል ሆነው ተመልሰዋል። አህያው ግን ያለ ጦርና ያለ ነጋሪት ጎንደርን አስገብሮ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

በቅሎ ማስወለድ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። አህያና ፈረስ ባሕርያቸው አይገጥምም። አጎቴ ስናሩን ገና ውርንጭላ ሳለ ይገዙና ከባዝራና ከፈረስ ግልገል ጋር አንድ ጋጣ ያሳድጉታል፤ ራሱን ፈረስ መስሎት ይኖራል። እንዲያ ያላደገ አህያ ባዝራ ቢያቀርቡለት ጀርባውን ይሰጣል። ባዝራዋ ደግሞ በበኩሏ ትራገጣለች። ሁለት ጎረምሳ ይይዛታል፤ ስናሩ እንዲደርስባት ዝቅ ካለ ቦታ ትቆማለች። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ወር መጠበቅ ነው። ይህን ሁሉ ልጅ ሆኜ በአጥር ቀዳዳ አይቼዋለሁ፤ ሴት ልጅ እንዳታይ ተብሎ የተከለከለ ነገር ስለሆነ በደንብ አይቼዋለሁ።

እዚያ ቤት የገባሁት በሰባት ዓመቴ ነው። የተወለድኩት በ1981 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ነው። እናቴ ጠይም፣ አባቴ ከጠይምም ጠቆር ያለ ሰው ነበር። እኔ ቀይ ሆኜ ተወለድኩ፤ ጸጉሬ ጭምር የበቆሎ ጸጉር የመሰለ። መጀመሪያ ሕፃን ሲወለድ ይቀላል፣ ቀስ እያለ ይጠይማል ተባለ። አርባ ቀን፣ ከዚያ ዓመት ተጠበቀ። አልጠየምኩም። ያን ጊዜ የሰፈር አፍ ተከፈተ። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠ 47 ዓመት ሆኖት ሳለ፣ የእኔን መልክ ከጣሊያን ጋር የሚያገናኙ ባልቴቶች አልጠፉም ነበር። ሂሳብ የማያውቅ ሐሜት ይገርመኛል። ሂሳብ የሚያውቁት ደግሞ ዓይናቸውን ጎረቤት ውስጥ ወደነበረ አንድ ቀይ ሰውዬ አዞሩ። አባቴ ልብሱን በሻንጣ ይዞ ወጣ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር አሉ።

በ1988 ዓ.ም. አጎቴ ሁለት ሽማግሌ ይዘው፣ እኔን በእጃቸው ጎትተው፣ አባቴ ወደሚኖርበት ቤት ሄዱ። ስለ ቀለብና ስለ ትምህርት ቤት ነበር ጉዳዩ። እኔ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ይሉኝታ፣ ስለ አብሮ መብላት የሚባለውን ሁሉ ተናገሩ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ አጎቴ ተነሡና ስለ ፈረስ ማውራት ጀመሩ።

«እኔ ጉራች ባዝራ አለችኝ» አሉ። «ከጉራች ድንጉላ ጋር አገናኘኋት። ገመዱን የያዝኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ ድንጉላ በአጠገቧ አላለፈም። የወለደችው ዳማ ነው። ጋማው ቀይ፣ ጭራው ቀይ! በሌላ ዓመት ደገምኩ፤ ጉራች ወለደች። በሌላ ዓመት አሁንም ዳማ። ታዲያ ባዝራዬን ሰርቀሽ ነው ብዬ ላባርራት ነው?»

አባቴ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ሰው ፈረስ አይደለም» አለ።

ከዚያ ቀን ከተባለው ሁሉ የማስታውሰው እነዚህን ሁለት ንግግሮች ነው። ሽማግሌዎቹ ተሳሳቁ፤ ቡና ተፈላ፤ አባቴ የደብተርና የዩኒፎርም ሊሰጥ ቃል ገባ። ሁለት ዓመት ሰጠ፤ ከዚያ ቀረ። እናቴ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ወረደች። እኔን አጎቴ በበቅሏቸው አፈናጠው አምባ ጊዮርጊስ አገቡኝ። መንገዱ ላይ አውቶቡስ ነበረ እኮ! ለምን በበቅሎ እንዳስጓዙኝ ዛሬም አልጠየቅኳቸውም። ይመስለኛል፣ ሰው እንዲያየን ፈልገው ነው።

ትምህርት ቤት ግን ተረቱ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። እኔን አባትሽ ማነው ብሎ የጠየቀኝ ልጅ መልሱን ከእኔ አልጠበቀም፤ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ መለሱለት። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስሜ በቅሎ ነበር። አንድ ቀን እያለቀስኩ ብገባ አጎቴ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ በተረቱ መገረም ጀመሩ። «ምን ዋሸች ታዲያ? የእናቷ ወንድም ፈረስ ከሆነ አጎቷ ፈረስ ነው። እውነቷን ነው!» አሉ። በዚያ ዕድሜዬ ይህ አላጽናናኝም። አሁን ሳስበው ግን በቅሎዋ ላይ የሚስቀው ሁሉ ነገሩን አላጤነውም። አባቷን መደበቋን እንጂ የተናገረችው ሐቅ መሆኑን ማንም ልብ አይልም።

ወደ እባቡ ልመለስ።

የአጎቴ ልጅ በዚያ ሰሞን በየማታው እየደወለ ስለ እባብ ርባታ ይተርክልን ጀመር። አባቱ ጠያቂ ሆነውበት ነበር። አሜሪካኖች የበቆሎ እባብ ይሉታል፤ መርዝ የለውም፣ በየጎተራው አይጥ እያሳደደ የሚኖር ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ጥቁር ቀለም የሌለው አንድ ወንድ እባብ ተያዘ። ከተራ ሴት እባብ ጋር ሲያገናኙት ልጆቹ በሙሉ ተራ ሆኑ። ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ነገር ግን ልጆቹን እርስ በርስ ሲያገናኟቸው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ጥቁር አልባዎቹ ከእንቁላል ወጡ። ከአራት አንዱ እንደዚያ ይሆናል የሚባለው ስሌት ነው። መነኩሴው ሜንዴል በ1866 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፉ በአተር ያሳየው፣ እኛም ዘጠነኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የገለበጥነው። ያኔ መምህራችን ትልቁን ፊደልና ትንሹን ፊደል ሲጽፉ፣ ክፍሉ ውስጥ የጋጣ ሽታ የሸተተኝ እኔን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የአጎቴ ዳማም በዚሁ ሕግ ነው የምትሄደው። በፈረስ ላይ ጥቁር ቀለም እንዲሠራ የሚያዝዝ አንድ ጂን አለ። ከእናት አንድ ቅጂ፣ ከአባት አንድ ቅጂ ይመጣል። አንዱ እንኳ ደህና ከሆነ ጥቁሩ ይሠራል፤ ሁለቱም ከተበላሹ ግን ፈረሱ ቀይ ከመሆን በቀር ምርጫ የለውም። ስለዚህ ሁለት ጉራች ዳማ ይወልዳሉ፤ ሁለት ዳማ ግን ጉራች አይወልዱም። አጎቴ ይህን ሁለተኛውን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። «ሁለት ዳማ አገናኝቶ ጉራች ወለደልኝ የሚል ሰው፣ ወይ ዋሽቷል ወይ አጥሩን አልዘጋም» ይላሉ።

እዚህ ላይ የአጎቴ ባለቤት ጣልቃ ገቡ። እርሳቸው ደግሞ በዶሮ ነው። ገብስማዋ፣ ወሰራዋ፣ ዝግርማዋ ከማን እንደምትወጣ በቃላቸው ያውቃሉ። ነጭ ጫጩት በብዛት አይፈልጉም፤ ጭልፊት ከሩቅ ያየዋል። ለመልክ ብሎ እባብ የሚያረባ ሰው ጭልፊት የሌለበት አገር የሚኖር ሰው መሆን አለበት አሉ። ትልቅ ነገር ተናገሩ። ዱር ውስጥ ያ ብርቱካን የመሰለ እባብ ስንት ቀን ይቆያል? በመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን የሚያድነው ያው መልኩ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ለእርሱ ነው።

የሚከፈለው ደግሞ ቀላል አይደለም። የአጎቴ ልጅ የአንዳንዱን እባብ ዋጋ ሲነግረን አጎቴ ወደ በቅሎ መነዘሩት፤ ከነኮርቻዋ ወጣ። ጥቁሩን ያጣውን ቀዩን ካጣው ጋር ያዳቅላሉ፤ በልጅ ልጅ ከአሥራ ስድስት አንዱ ሁለቱንም አጥቶ በረዶ የመሰለ ይወጣል። የአፍሪካው ዘንዶ ሲነኩት እንደ ኳስ የሚጠቀለለው ዓይነት አለ፤ በእርሱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጥለት የሚያወጣ ጂን አገኙ። መልኩ ያምራል። ችግሩ፣ ያ ጥለት ያለበት እባብ ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ሲበላ አቅጣጫው ይጠፋዋል። ጥለቱና ሕመሙ አንድ ላይ ነው የሚወረሱት። ይህ እየታወቀም መራባቱ አልቆመም።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። «ወገቧ የሚሰበር በቅሎ ለመልኳ ብዬ አስወልዳለሁ እንዴ?» አሉ። ልጃቸው በስልክ ዝም አለ። እንጀራው ነውና ምን ይበል።

ዝርያ ከዝርያም ያዳቅላሉ። የበቆሎ እባብ ንጉሥ እባብ ከሚሉት፣ ሌላ እባብ ከሚበላው፣ ጋር ይገናኛል። የሚገርመው፣ ዲቃሎቹ ራሳቸው ይወልዳሉ። አንዳንድ አርቢ ይህን ይጠላዋል፤ ከሁለት ሦስት ትውልድ በኋላ ንጹሕ ነው ተብሎ የሚሸጠው እባብ ውስጥ ማን እንዳለ አይታወቅምና። አጎቴ ግን «ይወልዳሉ?» ብለው ደገሙ። በቅሎ አትወልድም። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፣ አህያ 62፤ በቅሎ ከሁለቱ ግማሽ ግማሹን ወስዳ 63 ይደርሳታል። እንቁላል ለመሥራት ክሮሞሶሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ ሲኖርባቸው፣ የእርሷዎቹ አቻቸውን ፈልገው ያጣሉ። አልፎ አልፎ ደንቡ ይጣሳል፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ሞሮኮ ውስጥ አንዲት በቅሎ ወልዳለች። ከዚያ በቀር እያንዳንዷ በቅሎ የዘሯ መጀመሪያም መጨረሻም ናት። በየጊዜው ባዝራና ስናር እንደ አዲስ መገናኘት አለባቸው። የአጎቴ እንጀራ ያልተቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በነገራችን ላይ፣ የእኛም እባብ ባሕር ማዶ ተሻግሯል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የሚኖር፣ ጥቁር፣ ቢጫና አረንጓዴ የተሸመነበት ጥለት የመሰለ የደጋ እፉኝት አለ። ለሳይንስ የታወቀው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ አሜሪካን አገር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይራባል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የባሌው የሐረና ጫካ እፉኝት የተለየ ዝርያ ነው ተብሎ ስም ወጣለት። እኛ እባብ ስናይ ድንጋይ እናነሣለን፤ ሌላው ስም ያወጣል፣ ሌላው ዋጋ ያወጣል።

አዲስ አበባ ስመለስ ነገሩ አልለቀቀኝም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ የጠቀመኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው ያለውን ሰምቶ አለመተኛት ነው። ያ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ እባብ ጥቁሩን ያጣው በምን ምክንያት እንደሆነ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ደርሰውበታል። ከቦታ ቦታ የሚዘል አንድ የዘረመል ቁራጭ፣ ኦ ሲ ኤ 2 በተባለ ጂን መሐል ገብቶ ተቀምጧል። ጂኑ እንደ ተሰበረ ወፍጮ ሆነ። ይኸው ጂን በሰውም ላይ አለ። ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹበት ሰው አልቢኖ ሆኖ ይወለዳል፤ በአፍሪካ በብዛት የሚታየው የአልቢኒዝም ዓይነት ይህ ነው። እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ወገኖቻችን ከፀሐዩና ከዓይናቸው ድካም ሌላ የሰው አፍም አለባቸው።

እኔ አልቢኖ አይደለሁም። ሆኖም ንባቡን ስቀጥል በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት አገኘሁ። ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የሣራ ቲሽኮፍ ቡድን፣ ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ሰዎች የቆዳ ቀለም ለክቶ፣ ልዩነቱን የሚያመጡትን ጂኖች ፈልጎ ነበር። አንድ አይደሉም፤ ብዙ ናቸው። አንዱ ትንሽ ያቀላል፣ ሌላው ትንሽ ያጠቁራል። ከተገኙት ስፍራዎች አንዱ ኦ ሲ ኤ 2 የሚገኝበት ነው። የሚያቀሉትም የሚያጠቁሩትም ዓይነቶች እዚሁ አፍሪካ ውስጥ እጅግ ከረጅም ዘመን ጀምሮ ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው። ሌላ፣ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ከውጭ ገብቶ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተስፋፋ የሚያቀላ ዓይነትም አለ። ከጣሊያን በፊት ማለት ነው፣ ባልቴቶቹ ይስሙ!

እንግዲህ አጎቴ በዚያ ሽምግልና ላይ ግማሽ ልክ፣ ግማሽ ስሕተት ነበሩ። የፈረስ ዳማነት በአንድ ጂን ይወሰናል፤ የሰው ቀለም ግን አይወሰንም። አባቴ «ሰው ፈረስ አይደለም» ሲል በዚያች ብቻ ትክክል ነበር። ነገር ግን የሰው ቀለም በብዙ ጂን መሆኑ ለእርሱ ሳይሆን ለእናቴ ይመሰክራል። ሁለት ጠይም ሰዎች እያንዳንዳቸው የሚያቀላውን በጥቂት በጥቂቱ ይዘው ይኖሩና፣ በአንዱ ልጅ ላይ ብዙው አንድ ላይ ይወርዳል። ቀይ ጎረቤት አያስፈልግም። ጎረቤት አያስፈልግም ማለት ግን ጎረቤት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ፣ ራሴን ላታልል ካልሆነ።

አባቴ በ2007 ዓ.ም. አርፏል። ለቅሶው ላይ የሌላ እናት ልጅ የሆነ ወንድሜ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እንደ አባቴ ጠቆር ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ እንደዋወላለን፤ «እቱ» ይለኛል። የአጎቴ ልጅ ይህን ስለሚያውቅ፣ በሰው እጅ ሁለት ትንንሽ ሣጥን ላከ። ምራቅ ተፍታችሁ ብትልኩልኝ ወንድምና እኅት መሆን አለመሆናችሁን ይነግሯችኋል አለ። እባቦቹን የሚያስመረምርበት መንገድ ለእኔም አይቅርባት ብሎ ማሰቡ የቅን ልብ ሥራ ነው። ለአጎቴ በስልክ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣

«እኔ ቆሜ የመሰከርኩትን ልታስፈትኚ ነው?» አሉ።

ሣጥኖቹ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ወንድሜ እኔ ባልኩት ቀን እንደሚተፋ ነግሮኛል፤ አላስቸኮለኝም።

ያን የጥር ወር ጉዞዬን የማስታውሰው ግን በእባቡ ብቻ አይደለም። አጎቴ ያን ጊዜ አንዲት ነጭ ባዝራ ነበረቻቸው፤ ከስናሩ አርግዛ ቀኗ ደርሶ ነበር። ነጭ እንበላት እንጂ ነጭ ሆና አልተወለደችም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጊዮርጊስ የሚቀመጥበት፣ ደራጎኑን የሚረግጠው አምባላይ ፈረስ፣ እውነተኛ ፈረስ ቢሆን ኖሮ ልጅ ሳለ ጥቁር ወይም ዳማ ሳይሆን አይቀርም ነበር። ነጭ የምንላቸው ፈረሶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ጠቁረው ይወለዱና በየዓመቱ እንደ ሽማግሌ ይሸብታሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. ምክንያቱ ታወቀ፤ 4,600 ፊደል ያህል የሆነ የዘረመል ቁራጭ በስሕተት ሁለት ጊዜ ተጽፏል። በዓለም ያለ የሚሸብት ፈረስ ሁሉ ያንን ስሕተት ያገኘው ከአንድ ጥንታዊ ቅድመ አያት ነው። ዋጋም አለው፤ ከ15 ዓመት በላይ ከሚኖሩት ብዙዎቹ የቆዳ እብጠት ያወጣሉ። ይህኛው ደግሞ እንደ ዳማው አይደበቅም፤ አንድ ቅጂ ይበቃዋል። በበቅሎም ላይ ይወጣል።

አጎቴ ይህን የተማሩት ተታልለው ነው። ጎረምሳ ሳሉ ጉራች ግልገል በውድ ገዙ፤ በአምስተኛው ዓመት ነጭ ሆነችባቸው። ሻጩን ለመክሰስ ሁሉ አስበው ነበር። በኋላ አንድ አዛውንት፣ «አንተ ሞኝ፣ ግልገል ስትገዛ ዓይኑን አየህ? የሚሸብት ፈረስ ሽበቱ የሚጀምረው ከዓይኑ ዙሪያ ነው» አሏቸው።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ሊነጋጋ ሲል ቀሰቀሱኝ። ጋቢ ደርቤ ወጣሁ። ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ጋጣው ውስጥ ፋኖስ በርቷል፤ ባዝራዋ ቆማ ግልገሏን ትልሳለች። ሴት በቅሎ ናት። ገና ርጥብ ናት፤ ጆሮዋ ከፊቷ ይረዝማል፤ ጠቆር ያለ ቡናማ ናት፤ እግሮቿ ላይ የአባቷ ቡራቡሬ መስመር አለባት። አራቱን እግሯን ወዲያና ወዲህ አንፈራጣ ለመቆም ትታገላለች።

«እንደ አባቷ ናት» አልኩ።

አጎቴ አልመለሱልኝም። ተንበርክከው አገጯን በመዳፋቸው ያዙ፤ ፋኖሱን አስጠጉ፤ በአውራ ጣታቸው በዓይኗ ዙሪያ ያለውን ጸጉር ወደ ኋላ ገልብጠው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተመለከቱ። አንዱን ዓይን ጨርሰው ወደ ሌላው ዞሩ። እኔም አጠገባቸው በርከክ ብዬ አየሁ፤ ጥቁር እርጥብ ጸጉር እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

«ምን አዩ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ፋኖሱን ያዢልኝ» አሉና መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሳቸው ገቡ።